የወዳጆ ትሕትና

«ሰው ሲያረጅ ይበርዳል» የሚል ካለ ወዳጆን አያውቀውም ማለት ነው። ከቀየት ገበያ ወዲህ ባለው ደጋ ወዳጆን የማያውቅ ደግሞ ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ ገና አልተወለደም። ከሁሉ ይልቅ የምታውቀው ሚስቱ ወለተኪዳን ናት። ጠጉሩ ጥቁር ሳለ አግብታዋለች፣ ገብስማ ሲሆን አይታዋለች፣ አሁን ጥጥ ሲመስልም አብራው አለች። ጠጉሩ ሦስት መልክ ለወጠ እንጂ ከጠጉሩ ሥር ያለው ያው ነው ትላለች። ትላለች ማለት በልቧ ነው። እናቷ «ዝም አይነቅዝም» እያለች ስላሳደገቻት የምትለውን ሁሉ እንደ ዘር እህል አስቀምጣው ትኖራለች፤ አንድም ቀን አውጥታ ዘርታው አታውቅም።

የወዳጆ ጠባይ ብዙ ሐተታ አይፈልግም። አይበለጥም፣ በቃ። በምንም ነገር፣ በማንም፣ በጭራሽ።

በጉብዝናው ጊዜ ይህ ጠባይ የሚታየው በዱላ ነበር። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላል፤ ወዳጆ ጌታ ስላልነበረ ይቆጣ ነበር። ሩሯ ወደ ሌላው ወገን ካለፈች ሩሯን ትቶ ሰዉን ይመታል። በሠርጉ ዕለት እንኳ ከሚዜዎቹ አንዱ «ከእኔ አስበልጦ ፎከረ» ብሎ፣ ሙሽራይቱን አስቀምጦ ድምፁ እስኪዘጋ ሲፎክር ዋለ። ወለተኪዳን በዓይነ ርግቧ ውስጥ ሆና «እኔን ነው ያገባው ሚዜውን?» ብላ አሰበች። ዝም አለች።

«ጉርምስና ነው፤ ሲወልድ ይተወዋል» አሉ ሽማግሌዎች። ወለደ፤ አልተወም። «ሲጎለምስ ይተወዋል» አሉ። ጎለመሰ፤ ፍርድ ቤትን አገኘ።

ጎልማሳ ሰው እንደ ጎረምሳ አይማታም፤ ነውር ነው። ጠላት አገር ለቆ ከወጣ በኋላ መንግሥት በየአጥቢያው ዳኛ ሲያቆም፣ ነገሩ ሁሉ ለወዳጆ ሲባል የተደረገ መሰለ። ዱላውን አስቀምጦ ምላሱን አነሣ። በዶሮ ከሰሰ፣ በአጥር ከሰሰ፤ «ሰላምታዬን በግማሽ አፉ መለሰልኝ» ብሎ የከሰሰበትም ቀን አለ። ዳኛው «ይህማ በሕግ የለም» ቢሉት «እንግዲያው ይጨመርበታ!» አላቸው። አገሩም «ወዳጆ ሰከነ እኮ፤ ድሮ በዱላ ነበር፣ ዛሬ በሕግ ሆነለት» ብሎ አመሰገነው።

የክሱ ሁሉ አውራ ግን ከገዛ ወንድሙ ከቅጣው ጋር የገጠመው ነው። ቅጣው ታናሹ ነው። እሱም አይበለጥም፤ የእሱ ሥራ ግን በዝምታ ነው። ወዳጆ ሲጮህ ቅጣው ይቀመጣል፤ ወዳጆ ጮሆ ጮሆ ሲደክመው ቅጣው እዚያው ተቀምጦ ይገኛል። ሰው «አንዱ እሳት አንዱ ውኃ፤ ከአንድ ማሕፀን መውጣታቸው ይገርማል» ይል ነበር። ወለተኪዳን ይህን ስትሰማ በምትፈትለው የበግ ጠጉር ላይ ጎንበስ ትላለች፤ ሳቋን ለመደበቅ ነው። አባታቸውን ተክለጻድቅን ታውቃቸዋለቻ! የጎረቤት ጥማድ ቀድሞ ትልም ጨረሰብኝ ብለው፣ የደከመውን በሬ ፈትተው የራሳቸውን አንገት ቀንበር ውስጥ ሊያገቡ ሲታገሉ በሰው ብርታት የተያዙ ሰው ናቸው። ሁለቱም ልጆች ያንን አንገት ወርሰዋል።

ተክለጻድቅ ሲሞቱ ልጆቹ ርስቱን ተካፈሉ። መሐል ላይ ሁለት ትልም የምትሆን ቁራጭ መሬት ቀረች። ገብስ ቢዘሩባት ለአንድ ጋን ጠላ አትበቃም። ለክርክር ግን በቃች፤ ተርፋም ዓመታት አስቆጠረች። አጥቢያ ዳኛ ሄዱ፣ ወረዳ ሄዱ፣ ከዚያም ይግባኝ እያሉ እስከ መኪናው መንገድ በእግር፣ ከዚያ ወዲያ በአውቶቡስ ደብረ ብርሃን ድረስ። አውቶቡሱ ላይ ሌላ ቦታ ጠፍቶ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ አንዱ ፊቱን ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ አዙሮ። ወዳጆ መንገዱን ሁሉ ለተሳፋሪው ነገሩን ሲያስረዳ የሰማው ሹፌር «ይህ ሰውዬ ጎማ እንጂ ፍሬን አልተገጠመለትም» አለ። ተሳፋሪው ሳቀ። ቅጣውም ፈገግ ብሎ ነበር፤ ወዳጆ እንዳያይበት ግን ወዲያው በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከተ።

ወለተኪዳን ስንቅ ስትቋጥር በሶውን ለሁለት ሰው ትቋጥራለች። የቅጣው ሚስት ኮከቤም ቆሎውን እንዲሁ። ሁለቱ ሴቶች ምንጭ ላይ ተገናኝተው ተመካክረዋል፤ ምናልባት እህል ሲቆርሱ ይተዛዘናሉ ብለው። ተዛዘኑ? የት አባታቸው! የተረፋቸውን ለሹፌሩ ሰጥተው ባዶ አቅማዳ ይዘው ገቡ። ሹፌሩ ብቻ በዚያ ክርክር ወፈረ።

በመጨረሻ ለቅጣው ተፈረደ። ከዳኛው የታዘዘ ሰው መጥቶ፣ ሽማግሌና ቄስ ባሉበት፣ በድንበሩ ላይ አንድ ትልቅ ድንጋይ ተተከለ። በቅጣው በኩል ባለው ጎኑ ላይ መስቀል ተቀረጸበት፤ «የነቀለው የተገዘተ ይሁን» ተባለ።

ወዳጆ የዚያን ዕለት አልተማታም፤ ይግባኝም አላለ። ተበልጦ ነበር፤ አገር እያየው ተበልጦ ነበር፤ ሌላ የሚወረውረው ነገር አጣ። «ወትሮም አንተ የተክለጻድቅ ልጅ አይደለህም!» አለው ወንድሙን፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት።

 ይህ ቃል የሚመታው ቅጣውን ብቻ አይደለም፤ እናታቸውን ከነመቃብሯ ነው። ቅጣው የደረበውን ባና ወደ ትከሻው መልሶ ወደ ቤቱ ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ በአንድ ቀበሌ ሲኖሩ፣ በአንድ ደብር ሲያስቀድሱ፣ በአንድ ቀብር ሲቆሙ ቃል አልተለዋወጡም። ወዳጆ ያንን ነገር ዳግመኛ አላነሣውም። በእንቅልፉ ግን ሲቃዥ «እማዬ» ሲል ወለተኪዳን ሰምታዋለች። ዝም አለች።

ወዳጆ «በሰለ» የተባለው እንግዲህ ከዚያ ወዲያ ነው። ጉልበቱ ዛለ፣ ጠጉሩ ነጣ፣ የወረዳው ጸሐፊም ገና ከሩቅ ሲያየው «ምሳ ሰዓት ነው» ማለት ጀመረ። አንድ ክረምት ታመመና አልጋ ላይ ሰነበተ። ሲነሣ ቤተ ክርስቲያን ሄደ፤ ሄዶም ዙሪያውን ሲቃኝ ማንም ያልያዘው ሜዳ አገኘ። ትሕትና! በዱላ የሚበልጡት ጎረምሶች አሉ፤ በነገር የሚበልጡት ነገረ ፈጆች አሉ። በትሕትና ግን ተፎካካሪ አልነበረውም፤ ትሑቶቹ ሰዎች እሽቅድምድም መኖሩን አያውቁማ።

ሰዉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲጾም እሱ ፀሐይ እስክትጠልቅ ይጾማል። ሰዉ መቋሚያ ተደግፎ ሲያስቀድስ እሱ መቋሚያውን ለጎረቤቱ ያውሳል፤ ሲያውስም ሰው እንዲያይለት ጉሮሮውን ይጠርጋል። እጅ ሲነሣ ግንባሩ ጉልበቱን ሊነካ ምንም አይቀረው። «እኔ አፈር ነኝ» ይላል። አንድ ቀን ተገኘ የሚባለው ምስኪን ጎረቤቱ በየዋህነት «ኧረ ሁላችንም አፈር ነን» ቢለው ፊቱ ጠቆረ። ቤቱ ገብቶ ባናውን እየጣለ «ተገኘ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው አፈር የሆነው?» ብሎ ወለተኪዳንን ጠየቃት።

አስታራቂም ሆነ፤ የተጣላ ካለ ሳይጠሩት ይደርሳል። በአንድ ፍየል የተጣሉ ሁለት ሰዎችን ቤቱ አስገብቶ፣ ዱላውን በጉልበቱ ላይ አጋድሞ በሩ ላይ ተቀመጠና «ሳትሳሳሙ ከዚህ የሚወጣ የለም!» አለ። አልተሳሳሙም። ከረፋድ እስከ ማታ ያንኑ እየደጋገመ ሲጮህባቸው ሁለቱም እሱን ጠሉት፤ በዚህ አንድ ነገር ተስማሙ፤ ከተስማሙ ዘንድ ተሳሳሙና ሄዱ። ወዳጆ «አየሽ፣ በእግዜር ቃል አስታረቅኋቸው» አላት። ወለተኪዳን በምን እንደ ታረቁ በደንብ አይታ ነበር። ያየችውን እንደ ልማዷ አስቀመጠችው።

«እድሜ ደጉ፣ ይኸው አስተማረው!» አለ አገሩ። እብድ ቢጨምት እስከ እኩለ ቀን መሆኑን የረሳ አገር ነው።

ወለተኪዳን በሕይወቷ ለራሷ የፈለገችው አንድ ነገር አለ፤ መቁረብ። ባልና ሚስት ሲያረጁ አብረው ሥጋ ወደሙ ተቀብለው ትዳራቸውን ያትሙታል። እናቷ ቆርባ ሞታለች። እሷ ደግሞ አምና የጀመራት ሳል ይኸው ዓመት ሊሞላው ነው፤ ሳትቆርብ እንዳይወስዳት ትፈራለች። በጣም ትፈራለች። ብቻዋን እንዳትቆርብ ባለ ትዳር ናት፤ የሚቆረበው በጥንድ ነው።

በሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ሁዳዴ በገባ በሳምንቱ የንስሐ አባታቸው መምሬ ዓምደ ሚካኤል ቤታቸው መጡ።

«ለጸሎተ ሐሙስ እንቁረብ ብለናል፣ መምሬ» አለ ወዳጆ አንገቱን ደፍቶ። «እኔ እንኳ የማልረባ ኃጢአተኛ ነኝ። ከእኔ የባሰ ኃጢአተኛ በዚህ አጥቢያ አይገኝም።»

«በኃጢአትም አንደኛ ልትሆን ነው?» አሉ መምሬ።

ወለተኪዳን በእንዝርቷ ላይ ጎንበስ አለች።

«ለመሆኑ ከቅጣው ጋር ታርቀሃል?»

ወዳጆ ጣራውን አየ። «እኔ በልቤ ይቅር ብዬዋለሁ።»

«አዬ! የበደልከው አንተ፣ ይቅር ባዩም አንተ?» አሉ መምሬ ተነሥተው። «ያልከውን ቃል አገር ሰምቶታል፤ እኔም እዚያው ቆሜ ሰምቻለሁ። ወንጌሉ መባህን ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ታረቅ ይላል። ቅጣው ይቅር ካላለህ አላቆርብህም፣ ልጄ። አንተን ካላቆረብኩ ደግሞ እሷንም አላቆርብ።»

መምሬ ከሄዱ በኋላ ወዳጆ ተንጎራደደ። ቄሱን ረገመ፣ ወንድሙን ረገመ፤ ቆይቶ ደግሞ ትሑት መሆኑ ትዝ ሲለው ራሱን ረገመ። ወለተኪዳን ሳሏ ሲለቃት ጠብቃ ቀና አለች።

«ለእኔ ሲሉ» አለችው። «እባክዎ።»

ሌላ አልጨመረችም። በዚያ ሁሉ ዓመት «ለእኔ ሲሉ» ብላው አታውቅም። ወዳጆ ቆሞ አያት። ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ያንን እንባ እንኳ ማንም እንዲያይለት አልፈለገም፤ ዘወር ብሎ በእጁ ጠረገው። «እሄዳለሁ» አለ። «ድንጋይ ተሸክሜ እሄዳለሁ።»

ደንቡ እንዲያ ነው። የበደለ ሰው ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ጭኖ፣ ሽማግሌ አስከትሎ፣ የተበደለው ሰው ደጃፍ ላይ ይወድቃል። የተበደለው ይቅር ካለ ድንጋዩን ከአንገቱ ያወርድለትና ያነሣዋል። ካላለ ትቶት ይገባል።

«ድንጋዩ ለምልክት ነው» አሉት መምሬ። «ጡጫ ብታክል ትበቃለች።»

ይህን ባይሉት በተሻለ ነበር! «ጡጫ!» አለ ወዳጆ ቤቱ ሲገባ። «ተገኘ ከአማቹ ሲታረቅ የተሸከመው የዶሮ እንቁላል የምታህል ጠጠር ነበረች። እኔ ደግሞ ጡጫ? አገር ምን ይለኛል? ወዳጆ በይቅርታው ቀለለ ይበለኝ?» ከዚያ ቀን ጀምሮ ድንጋይ ፍለጋ ተያያዘው። የወንዙን ድንጋይ አየ፤ ሙልጭልጭ ነው ብሎ ተወው። የካቡን አየ፤ አነሰው። የወፍጮውን መጅ ሳይቀር አንሥቶ መዘነ፤ ወለተኪዳን ከእጁ ቀማችው።

የዕርቁ ቀን ሳይነጋ ተነሥቶ ዶማ ይዞ ወጣ። ወለተኪዳን፣ መምሬና ለሽማግሌነት የተጠራው ተገኘ ወደ ቅጣው ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ ሲጠብቁት፣ ከጉሙ ውስጥ አንድ የሚያቃስት ነገር ብቅ አለ። ወዳጆ ነው። ማጅራቱ ላይ የተጫነው ድንጋይ ሕፃን ልጅ ያክላል። በነጠላው ጠፍንጎ አስሮታል፤ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል፤ ፊቱ ግን የደስታ ፊት ነው።

«በስመ አብ!» አሉ መምሬ።

«ምን አላት፣ ቀላል ናት» አለ ወዳጆ እያለከለከ፤ የተገኘን ፊት በዓይኑ ፈለገ።

ወለተኪዳን ከኋላው ተከተለች። ድንጋዩ እግሩ እርጥብ አፈር ነው፤ ገና አሁን ከመሬት የወጣ ነው። አናቱ የድንጋይ ሽበት አብቅሏል። በጎኑ ላይ ደግሞ… ጠጋ ብላ አየች። መስቀል! 

«ከየት አመጡት?» አለችው በሹክሹክታ።

«ከድንበሩ ላይ ነው» አለ ወዳጆ። «እሱን የሚያክል በአገሩ አይገኝም። ሲያልቅ እመልሰዋለሁ።»

ተንኮል አልነበረበትም፤ ይህን ልብ በሉልኝ። ያንን ድንጋይ ሲተከል ያየ፣ በየቀኑ ሲያልፍ ሲያገድም ጥርሱን ያፋጨበት ሰው፣ ድንበር መሆኑ ጠፍቶት አይደለም። በዚያ ጉም ውስጥ ዓይኑ ያየለት ትልቅነቱን ብቻ ነው። ወለተኪዳን «ይመልሱት!» ልትል አፏን ስትከፍት ሳሉ ያዛት፤ ሳሉ ሲለቃት የቅጣው ደጃፍ ደርሰዋል።

ኮከቤ በሩን ከፈተች። ቅጣው ወጣ። እሱም ሸብቷል፤ ጎብጧል። ወዳጆ ደጃፉ ላይ ዘጭ ብሎ ወደቀ።

«ስለ እግዚአብሔር ብለህ፣ ስለ እናቱ ብለህ ይቅር በለኝ!» አለ ከድንጋዩ ሥር።

ቅጣው ቆሞ አየው።  ወደ ወንድሙ ጎንበስ አለ፤ ሁለት እጁን ሰደደ፤ ድንጋዩን ያዘ። ወለተኪዳን «እሰይ» ልትል ነበር። የቅጣው ጣት መስቀሉ ላይ አረፈ። እጁን እሳት እንደ ነካው ሰው መለሰ።

«ይህ ድንጋይ የኔ ድንበር አይደለም እንዴ?»

ወዳጆ ከድንጋዩ ሥር ቀና ለማለት ታገለ።

«ይቅር በለኝ ልትለኝ ስትመጣ ድንበሬን ነቅለህ መጣህ?»

«በትልቅነቱ እኮ ነው…» አለ ወዳጆ።

«የተገዘተ ድንጋይ! እግዚኦ ተሣሃለነ!» መምሬ አማተቡ። ተገኘ የሚገባበት አጣ። ቅጣው ይቅርም ሳይል፣ አልልምም ሳይል ባናውን ደርቦ ወደ ድንበሩ ገሰገሰ። ወለተኪዳን ጸሎተ ሐሙስ ከፊቷ ሲሸሽ ታያት። እግሯ ተሳሰረ፤ ኮከቤ ናት ክንዷን ይዛ ያስኬደቻት።

ወዳጆ ድንጋዩን እንደ ገና ተሸክሞ ተከተለ። ተገኘ «ልርዳዎት» ቢል በዓይኑ ገላመጠው። እርሻው አፋፍ ላይ ሲደርስ ግን ተንገዳግዶ ሊወድቅ ሆነ። ከፊት የነበረው ቅጣው ዘወር አለና አየው። ተመለሰ። አንድ ቃል ሳይናገር የድንጋዩን አንድ ጎን ያዘለት። ሁለቱ ሽማግሌዎች እያቃሰቱ፣ ሳይተያዩ፣ ድንጋዩን እስከ ጉድጓዱ አደረሱት። ወለተኪዳን ይህን አይታ ትንሽ ነፍስ ዘራች።

ጉድጓዱ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። እዚያው ቢመልሱት ነገር ያልቅ ነበር። ወዳጆ ግን አፍሮ ነበር፤ ሲያፍር ደግሞ በልኩ አያፍርም።

«እዚህ አይተከልም» አለና ድንጋዩን ወደ ራሱ እርሻ አንከባለለው። «እዚህ ይተከል። ሁለቱም ትልም ያንተ ነው፤ ሌላም ጨምሬልሃለሁ። ካሣ ነው።»

«ምጽዋት ለምኜሃለሁ?» አለ ቅጣው። ድንጋዩን ወደ ገዛ እርሻው መልሶ አንከባለለው፤ ከጉድጓዱም አሳለፈው። «እንዲያውም ያችን ሁለት ትልም እኔ ትቼልሃለሁ። ውሰዳት!»

«እኔ ነኝ የምሰጥህ!»

«አልቀበልም!»

«በሕግ አምላክ፣ ተቀበል ብዬሃለሁ!»

«በግድ ብትሰጠኝ እከስሃለሁ!» ቅጣው ጮኸ። ቅጣው! በዕድሜው ድምፁ ከፍ ብሎ የማያውቀው ሰው ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ጮኸ። ድንጋዩ ከወዲያ ወዲህ፣ ከወዲህ ወዲያ ይንከባለላል፤ የበቀለውን ገብስ ይደፈጥጣል። ለመውሰድ ሲሉ ደብረ ብርሃን የደረሱ ሰዎች ለመስጠትማ አዲስ አበባ ዙፋን ችሎት ሳይደርሱ አይቀሩም። መምሬ መስቀላቸውን አውጥተው መሐል ቢገቡ ድንጋዩ እግራቸውን ሊጨፈልቀው ነበር፤ ዘለው ወጡ።

ወለተኪዳን ሁለቱን አየቻቸው። ዱላ የለም፣ ዳኛ የለም፣ ሽበት ብቻ ነው፤ ግን ያው የገና ጨዋታ ነው። ያ በፍየል የተጣሉት ሰዎች ነገር ትዝ አላት። ያን ሁሉ ዓመት ያስቀመጠችው ዘር ተራው ደረሰ።

«ዝም በሉ!» አለች።

 ያ ድምፅ ከየት እንደ ወጣ ለማወቅ ተገኘ ወደ ኋላው ዞረ።

«ሁለታችሁም የማትፈልጉት መሬት ከሆነ ድንበር ለምኑ ነው? ድንጋዩን ገደል ልቀቁት! ድንበር ይቅር! የተክለጻድቅ ርስት ከብት ይዋልበት፣ መንደሩ ሁሉ ይጋጠው!»

«አብደሻል እንዴ!» አለ ወዳጆ።

«አብደሻል እንዴ!» አለ ቅጣውም፤ ሁለቱ ቃል በአንድነት ነው የወጣው።

«ድንበር የሌለው ርስት የት አገር አይተሻል?» ወዳጆ ነው።

«አባታችን ደማቸውን ያፈሰሱበትን!» ቅጣው ተቀበለው።

«መንደር ይጋጠው ትላለች!»

«ሴት ምን ታውቃለች! አጥንታቸው ይወጋናል እኮ!»

ትከሻ ለትከሻ ገጥመው፣ አንዱ የጀመረውን አንዱ እየጨረሰ፣ ሁለት አንገት አስግገው በእሷ ላይ ጮኹ። ድንጋዩ ከኋላቸው ቀርቷል፤ ሁለቱም በአንድ ወገን ቆመዋል። ወለተኪዳን እስኪጨርሱ ጠበቀች። መጠበቅ ታውቅበታለች።

«እሰይ!» አለች እንባዋ እየወረደ። «እሰይ! የአንድ አባት ልጆች አይደላችሁም ያለው ማነው?»

ሁለቱም ዘወር ብለው ተያዩ። 

ወዳጆ ወንድሙን አየው። ያን ነጭ ጠጉር፣ ያን የተሰገገ አንገት አየ። አባቱን አየ።  ድንጋይ አልፈለገም፤ አልወደቀም፤ ግንባሩን ጉልበቱ ላይ አላደረሰም፤ ማን እንዳየው ዞሮ አልተመለከተም።

«እኔ ነኝ» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ ነኝ ያልኩት። ዋሽቼ ነው፣ ቅጣው። ስለ በለጥከኝ ነው። እማዬን… እማዬን ሰደብኳት።» ከዚያ ወዲያ ቃል ጠፋው፤ እንደ ልጅ አለቀሰ።

ቅጣው ጠጋ አለው። «ጋሼ» አለ በመጨረሻ፤ ያንን ስም ከጠራው ስንት ዘመኑ! «ለይቅርታ ብሎ ድንበር ነቅሎ የሚመጣ ሰውማ ከተክለጻድቅ ልጅ በቀር የት ይገኛል? እሳቸው ቢሆኑ ዋርካ ነበር የሚነቅሉት። እግዜር ይቅር ይበለን።» አንገቱን አቀፈው። ኮከቤ እልል ልትል ጀምራ ሁዳዴ መሆኑ ትዝ ሲላት አፏን ያዘች። መምሬ «እግዚአብሔር ይፍታህ» እያሉ ግዝቱን ፈቱ። ድንጋዩም ወደ ስፍራው፣ ወደዚያው ጉድጓዱ ተመለሰ፤ የቱ ጎን ወደ የት ይዙር በሚለው ላይ መጠነኛ ክርክር ነበረ፤ ተገኘ ነው የገላገላቸው።

በጸሎተ ሐሙስ ወዳጆና ወለተኪዳን፣ ቅጣውና ኮከቤም ቆረቡ። ወንዶቹ ሲቀርቡ ወዳጆ ከሁሉ ይልቅ ዝቅ አለ፤ ከኋላው ያለው ቅጣው ደግሞ ከእሱ ዝቅ አለ። ወዳጆ በጎን አየውና ትንሽ ጨመረ። መምሬ ሥጋውን ሲያቀብሉ አፋቸውን ፍለጋ ማጎንበስ ነበረባቸው።

ወደ ቤት ሲመለሱ ወዳጆ ዳገቱ ላይ ቆም አለ። ነገሩ ሲያብሰለስለው ከርሟል።

«ስሚ» አለ በነጠላው ጫፍ ከተሸፈነው አፉ ሥር ቀስ ብሎ። «ያን ቀን ድንጋዩን ገደል ልቀቁት ያልሽው የምርሽን ነበር? ወይስ ዐውቀሽ ነው?»

ወለተኪዳን አልመለሰችም። የቆረበ ሰው አፉን ሸፍኖ ዝም ብሎ ነው ወደ ቤቱ የሚገባው፤ ደንብ ነው። ከነጠላዋ ሥር ግን ትስቅ ነበር።